ቋሚ አድራሻ ለኮንቴይነሮች

ይህን የምጽፈው ለመመካት ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ትሕትና ጥሩ ነገር እንደሆነ እናቴ ነግራኛለች፤ ግን መርካቶ ውስጥ ለኮንቴይነሮች ቋሚ አድራሻ የሰጠ ሰው ከኔ ሌላ ካለ ወጥቶ ይናገር፣ እኔ ዝም እላለሁ። እስካሁን የወጣ የለም።

መርካቶን የማያውቅ ሰው አድራሻ ሲባል የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይመስለዋል። እኛ ጋ አድራሻ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ጎጃም በረንዳን ይዘህ ውረድ፣ ቀይ ብርድ ልብስ የሰቀሉበት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ፣ አንድ ሚዛን ጠጋኝ ታገኛለህ፣ እሱን ጠይቀው። ብርድ ልብሱ ከተሸጠ ጠፋህ ማለት ነው። ሚዛን ጠጋኙ ጁምዓ ሊሰግድ ሄዶ ከሆነ ደግሞ እስኪመለስ ቆመህ ትጠብቃለህ። እኔ ራሴ ተወልጄ ባደግሁበት ሰፈር ሁለት ጊዜ ጠፍቻለሁ። አንዱን ጊዜ ፈልጋ ያገኘችኝ እናቴ ናት፤ ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነበር።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ወደ ራሴ ልመለስ። የምሠራው ሐጂ ሸምሱ ዘንድ ነው። ሐጂ ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው፣ በጀርባቸው ተሸክመው፣ በኋላም አሸክመው ያደጉ ነጋዴ ናቸው። ዱባይ ተራ የጫማ ሱቅ፣ ጎጃም በረንዳ የብርድ ልብስ መጋዘን፣ ከሱቁ በላይ ፎቁ ላይ ደግሞ የክፍለ ሀገር ነጋዴ የሚስተናገድበት የጅምላ ቢሮ አላቸው። እኔ የገባሁት ጫማ ሻጭ ሆኜ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው እግር ሥር ተንበርክኬ፣ እምቢ ያለ ተረከዝ በብረት የጫማ ማንኪያ ሳስገባ ኖርኩ። መርካቶ የገባ ሰው እግር ምን ያህል እንደሚሸት እዚህ ላይ አላነሳም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሥራ ስወጣ ኮሌጅ እየገባሁ ኮምፒውተር ተማርኩ። ዲፕሎማዬን ይዤ ስመጣ ሐጂ ገልብጠው ጀርባውን ሳይቀር አዩትና አሁን ምን ልሆን እንዳሰብኩ ጠየቁኝ። ሦስቱን ቤቶች በአንድ ማሽን አገናኛለሁ፣ ጎጃም በረንዳ ያለውን ዕቃ ዱባይ ተራ ሆነው ያያሉ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ የጫማ ማንኪያዬን ከእጄ ተቀብለው ከቢሮው በር አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀሏት። እንደው ለማንኛውም፣ አሉ።

ሰርቨሩ፣ ማለት ያ ሦስቱን ቤቶች የሚያገናኘው ማሽን፣ ተገዛ። ደረጃው ሥር፣ ድሮ የጫማ ካርቶን የሚታጨቅበት ቦታ ላይ አስቀመጥነው። ቁልፉን በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መሄድ ጀመርኩ። ሰፈር ውስጥ ስሜ ቀርቶ ኢንጂነር ተባልኩ። እናቴ ለዕድሩ ሴቶች በሙሉ ተናግራለች፤ አንዷ ሬዲዮዋን ይዛ መጥታ ሠርቼላታለሁ፣ ማለቴ ባትሪውን ገልብጬ አስገብቼላታለሁ። ኩራቴ ራቴ ሆኖ ነበር።

አሁን ኮንቴይነር ወደሚለው ቃል እንምጣ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው በሱ ነው። በኮምፒውተር ሰዎች አፍ ኮንቴይነር ማለት ከጂቡቲ የሚመጣው ብረት አይደለም። አንድ ማሽን ውስጥ ፕሮግራሞች እንዳይደባለቁ ግድግዳ ጋርደህ ለየብቻ የምታስቀምጥባቸው ክፍሎች ናቸው። እኔ አራት ከፈትኩ። አንዱን ለዱባይ ተራ፣ አንዱን ለጎጃም በረንዳ፣ አንዱን ለጅምላ ቢሮው። አራተኛው ደረሰኝ ከማተም በቀር ሥራ የሌለው ቀላል ነገር ነው፤ አታሚው እለዋለሁ። ሦስቱ ትልልቆቹ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ናቸው፣ ከአንድ እናት የተወለዱ መንትዮች በላቸው። ልዩነታቸው ሆዳቸው ውስጥ ያለው የዕቃ ዝርዝር ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ በቁጥር የተጻፈ አድራሻ አለው። የሱቁ ኮምፒውተር ያንን ቁጥር አንኳኩቶ ነው የራሱን ክፍል የሚያገኘው። ቁጥሩን የሚያድለው ማሽኑ ራሱ ነው፤ ቀድሞ ለነቃ የመጀመሪያውን፣ ለሁለተኛው የሚቀጥለውን እያለ። እኔም ይሁን ብዬ ተውኩት፤ መብራት እስካለ ድረስ አንዴ የነቃ አይተኛም፣ ቁጥሩም አይለወጥም። ኮሌጅ ያስተማሩኝ ሁልጊዜ መብራት እንዳለ አድርገው ነበር።

ያኔ ግን ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት በተደራጀበት ዘመን ሳይደራጅ የቀረ መብራት ብቻ ነበር፤ በፈለገው ሰዓት ይመጣል፣ በፈለገው ሰዓት ይሄዳል። በሄደና በመጣ ቁጥር ኮንቴይነሮቼ ይነሳሉ፤ አንድ ቀን ይሄ ይቀድማል፣ አንድ ቀን ያኛው። የቀደመው የሌላውን ቁጥር ይዞ ቁጭ ይላል። የዱባይ ተራው ኮምፒውተር የራሱ መስሎት ሲያንኳኳ የጎጃም በረንዳው አቤት ይለዋል። መንትዮች ስለሆኑ ማንም አይጠራጠርም።

አንድ የሰመራ ነጋዴ በስልክ ዐሥራ አራት ቁጥር፣ አርባ ካርቶን አዘዙ። ዱባይ ተራ ዐሥራ አራት ቁጥር የሴት ክፍት ጫማ ነው። ጎጃም በረንዳ ዐሥራ አራት ቁጥር ባለ ሁለት ፊት ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ትዕዛዙ ከመግባቱ በፊት መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር። አርባ እስር ብርድ ልብስ ተጭኖ ሰመራ ገባ።

ነጋዴው ደወሉ። አልተቆጡም፤ እዚህ አገር ሰው ቆዳውንም ቢያወልቀው ደስ ይለዋል፣ ሐጂ ምን ሰምተው ነው፣ ብቻ አሉ። ሐጂም አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ምስማሩ ላይ ያለችውን ማንኪያ አየት አደረጉና ጢማቸውን ዳበሱ።

«ዐረፋ ደርሷል። ሰኞ የክፍለ ሀገር ደንበኛ ይገባል» አሉኝ። «ሰኞ አንዲት ዕቃ ከቦታዋ ውጭ ብትሄድ ማሽኑን አውጥቼ ካርቶን አስገባበታለሁ። አንተም ማንኪያህ አለች፣ አልጠፋችም።»

ያ ቀን ሐሙስ ነበር። እንቅልፍ ነሳኝ። ወደ ጫማው መመለሱ አልነበረም የከበደኝ፤ እንጀራዬን የበላሁበት ሥራ ነው፣ አልንቀውም። ግን ኢንጂነር ተብሎ ተመልሶ የሚንበረከክ ሰው መርካቶ ውስጥ እስኪሞት ስሙ ኢንጂነር ነው። ጫማ ሊለካ የሚመጣው ሁሉ «ኢንጂነር፣ አርባ ሁለት ቁጥር አምጣ» ሲለኝ እየሰማሁ ልኖር ነው። በዚያ ላይ እናቴና የዕድሩ ሴቶች አሉ።

ዓርብ ጠዋት ባንክ ቤት የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ እሱ እንዲህ ያለውን ከኔ በፊት ያየ ነው። ደረጃው ሥር ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ወደ ጓሮው ወጣሁ። ከሕንፃችን ጀርባ ያ የታወቀው የብረት ኮንቴይነር ረድፍ አለ፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው የገቡ ሠላሳ አንድ ሱቆች። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ሻሽ፣ ፎቶ ኮፒ። የቤት ቁጥር የላቸውም፣ ወረቀታቸው ላይ ጊዜያዊ ይላል። በየዓመቱ ሊነሱ ነው የሚል ወሬ ይመጣል። ሳምንት ሙሉ ዕቃ ይሸክፋሉ፣ ወሬው ይሞታል፣ ዕቃ ይፈታሉ።

እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ግን ጀርባዬን አንደኛው ኮንቴይነር ላይ ደግፌ፣ የጋሪ ጫጫታ ስላለ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲህ አልኩ፦

«ስማ፣ ወስኛለሁ። ዛሬ ለኮንቴይነሮቹ በሙሉ ቋሚ አድራሻ እሰጣለሁ። ከእንግዲህ ከቦታው የሚነሳ የለም።»

ጓደኛዬ አታሚውንስ አለኝ።

«አታሚውን ተወው፤ እሱ ቀላል ነው፣ የትም ይደር።»

ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። የኔ አፋፍ እንኳ አልደረሰም፤ ከጀርባዬ ያለው ብረት ውስጥ ገባ። ብረቱ የሰይፉ ነበር። ሰይፉ ረድፉ ውስጥ ያለው ብቸኛ ፎቶ ኮፒ አድራጊና አታሚ ነው።

እኔ ምንም ሳላውቅ ወደ ደረጃዬ ሥር ተመልሼ ሥራ ጀመርኩ። ለሦስቱ ትልልቆች የየራሳቸውን ቁጥር በስማቸው ጻፍኩላቸው። የጎጃም በረንዳው ትልቁ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሰጠሁት። ለአታሚው እንዳልኩት ምንም አልሰጠሁም። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። አታሚው ቀላል አይደል? ከሁሉ ቀድሞ ነቃ። የተጻፈ ቁጥር ስለሌለው ባዶ ያገኘው የመጀመሪያ ቦታ ላይ ዘፍ አለ። ያ ቦታ የጎጃም በረንዳው ነው። ጎጃም በረንዳው ሲመጣ ቦታህ ተይዟል ተባለና አኩርፎ ጨርሶ ሳይነሳ ቀረ። ድሮ ቢያንስ ቦታ እየተለዋወጡ ሁሉም ይነሱ ነበር፤ አሁን ትልቁ መጋዘን የለም። አምስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ፤ አምስቱንም ጊዜ አታሚው ቀደመ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ለሱ አይሠራም፤ እሱ ቸኩሎ ያፍሳል፣ የምለቅመው እኔ ነኝ።

ለአታሚውም ቁጥር ለምን አትሰጠውም የሚል ብልህ አንባቢ አይጠፋም። ሰጠሁት። ግን አታሚው ሥራ ሲበዛ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ነው፤ ሁለት ሦስት ረዳት አታሚ ያስነሳል፣ ሲያልቅ ይበትናል። ረዳቶቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ ስንት እንደሚመጡ አይታወቅም፣ ለማን ብዬ ልጻፍ? አታሚውን ባስቀምጠው ረዳቶቹ መጥተው ሌላ ቦታ ላይ ይዘፈዘፋሉ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ልጠጣ ስወጣ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሰው አከበረኝ። ዚፕ ሻጩ ከመቀመጫው ተነስቶ ተቀመጥ አለኝ። ሻይ ቤቱ ሂሳብህ ተይዟል አለኝ። ሁለት ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። እኔ ምን አሰብኩ? ዝናዬ ነው ብዬ አሰብኩ። አገር የልጁን ዋጋ አወቀ አልኩ። ወደ ቤት ስሄድ ትከሻዬ ከበሩ ይሰፋ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ ከደረጃው ሥር ጀምሮ እስከ መንገዱ ድረስ ሰልፍ አለ። ሠላሳ አንድ ሰው። እያንዳንዱ የመታወቂያ ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዟል። ከፊት የቆሙት እትዬ ከድጃ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ክርና ቁልፍ ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው፣ የኮንቴይነሩ ረድፍ ሰብሳቢ። መነጽራቸውን ገመድ አስረውበታል። አብሽር የኔ ልጅ፣ ቁርስ በልተሃል ወይ አሉኝና የተጠቀለለ ሙቅ ዳቦ እጄ ላይ አኖሩ። እኔ ወደ ሐጂ ቢሮ የሚወጣ የበዓል ደንበኛ መሰለኝ። ወይም፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔን ሊያደንቅ የመጣ ሰው መሰለኝ።

ሰይፉ ግን አላደነቀኝም። ሰልፉን ጥሶ መጣና አፍንጫዬ ሥር ቆመ። ቀላል ነው ያልከው እኔን ነው፣ የትም ይደር ያልከው እኔን ነው፣ አለ። እኔ ደግሞ የማስበው ሌላ ነገር የለኝም፤ አታሚው ሲባል ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ያው አንድ ነው። እንዴት አወቅህ፣ ለአታሚው ቦታ ስሰጠው ሌላውን ነው የሚያስነሳብኝ፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይገባና የትልልቆቹን ቦታ ይይዛል፣ አልኩት። ሰይፉ ቀላ። ጠዋት ቀድሜ መክፈቴ ነው ጥፋቴ፣ ልጆቼን ላሳድግ በአሥራ ሁለት ሰዓት መክፈቴ ነው፣ አለ። ረዳቶቹንም የሚያመጣው እሱ ነው ስል ደግሞ ወንድሙን የነካሁበት መሰለው፤ ለካ ወንድሙ በበዓል ሰሞን እየመጣ ያግዘዋል። እትዬ ከድጃ መሐላችን ገብተው ባይይዙት ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነበር።

ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ነገሩን ለመጨረስ ፈለጉ። አድራሻውን ማየት እፈልጋለሁ፣ አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሰው ሥራዬን ልይ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደረጃው ሥር አስገብቼ ካርቶን ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩና በጣቴ እያሳየሁ ይሄ የጎጃም በረንዳው ነው፣ ይሄ የዱባይ ተራው ነው፣ ይሄ የጅምላው ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች አዩ።

«የኔስ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። ዳቦው፣ ሻዩ፣ ሰልፉ፣ ጉርድ ፎቶው፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ኮንቴይነር ያልኩት እዚህ ማሽን ውስጥ ያለ የማይታይ ነገር መሆኑን፣ እኔ ለሰው አድራሻ መስጠት ቀርቶ የራሴንም እንደማላውቅ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት። ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ሠላሳ አንድ ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ሊለቅም አሰልፌ፣ ከፊት ደግሞ እኚህን ሴት አቁሜአቸው ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ይቅርታ ስል ቆየሁ። ከዚያ እሳቸው፣ የወሎ ሰው ሐዘኑን ብዙ አያስቀምጥም፣ ታዲያ አንተ ፊትህ እንዲህ የገረጣው በምን ነው አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰኞን፣ ሐጂን፣ ምስማር ላይ ያለችውን ማንኪያ፣ ቀድሞ የነቃ የሌላውን ቦታ የሚይዝበትን ነገር። ማንኪያዋ ጋ ስደርስ ሳቁ። ቦታ አያያዙ ጋ ስደርስ ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

«ይሄማ የጉልት ነገር ነው» አሉ። «እኛ ኮንቴይነር ሳንገባ እዚሁ ጓሮ መሬት ላይ አንጥፈን ስንሸጥ እንዲሁ ነበር። ቀድሞ የመጣ ያነጥፋል፣ በየጠዋቱ ጠብ ነው። በኋላ ቋሚዎቹ ለየራሳችን ድንጋይ አስቀመጥን። ድንጋይ ብቻውን ግን አልበቃም፤ የዕለት መጪው ድንጋዩን ገፍቶ ይቀመጣል።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«ቦዩን ለየን። ድንጋይ ያለው ከቦዩ በላይ፣ የዕለት መጪ ከቦዩ በታች። የዕለት መጪ ጎህ ሳይቀድ ቢመጣ፣ ላይኛው ባዶውን ቢያድር፣ ቦዩን አይሻገርም። ከታች እንደፈለገ ይቀዳደም።»

እኔ ኮሌጅ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አንድ አስተማሪ አልነበረም። ድንጋዮቹን አስቀምጬ ነበር፤ ቦዩን አልቆፈርኩም። ማሽኑ ለዕለት መጪዎች የሚያድለውን ቁጥር ከየት እስከ የት እንደሆነ መወሰን እንደሚቻል መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን አልገባኝም ነበርና ዘልዬው ነበር። የእትዬ ከድጃን ትከሻ ሳምኩ። እሳቸው ወጥተው ለሰልፉ እኔ ያልደፈርኩትን ነገሩልኝ፤ ልጁ የሰጠው ለራሱ ኮንቴይነሮች ነው፣ የኛን አላህ ገና ይሰጣል፣ በሉ ወደ ሥራ፣ አሉ። ጥቂት ጉርምርምታ ተሰማኝ። አንድ ሰው የፎቶውን ነገር አነሳ። ከዚያ ኮቴ ሆነና ተበተኑ። ዳቦውን መልሱ አላሉኝም።

አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ከዝቅተኛው ቁጥር ጀምሮ ያለውን ለባለድንጋዮች አስቀረሁ፣ አታሚውንና ረዳቶቹን በሙሉ ከመቶ ሃያ ስምንት ወዲያ ሰደድኳቸው። እዚያ ታች ይጋፉ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። አታሚው እንደ ልማዱ ቀድሞ ነቃ፣ ሮጦ ሄዶ ቦዩ ማዶ ተቀመጠ። ጎጃም በረንዳው ዘግይቶ፣ እየተንጠራራ ተነሳ፣ ቦታው ባዶ ሆና ጠበቀችው። ብቻዬን ደረጃው ሥር አጨበጨብኩ።

ሐጂን ጠራኋቸው። ያጥፉት አልኳቸው። ማብሪያ ማጥፊያውን ራሳቸው፣ በእጃቸው፣ ቢስሚላህ ብለው አጠፉት። አበሩት። ሦስቱም በየቦታቸው። ድጋሚ አጠፉት። በሦስተኛው ጊዜ ማጥፋቱ ጥሟቸው እንደሆነ ተጠራጠርኩ። እንይ እንግዲህ ሰኞን፣ ብለው ወደ ላይ ወጡ።

ሰኞ ሱቁ ጢም አለ። የሰመራው ነጋዴ በአካል መጥተዋል፤ በስልክ ማመን አቁመው ነው። ቢሮው ውስጥ ተቀምጠው ያንኑ ዐሥራ አራት ቁጥር፣ ያንኑ አርባ ካርቶን አዘዙ። ጸሐፊዋ ልትጽፍ ጣቷን ስታነሳ መብራት ሄደ። ሐጂ እኔን አላዩኝም፣ ማንኪያዋን አዩ። እኔም ማንኪያዋን አየሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ሰመራ ሙቀት ተወራ። መብራት መጣ። ትዕዛዙ ገባ። እኔ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወርጄ ዱባይ ተራው ሱቅ በር ላይ ቆምኩና ጠበቅሁ። አርባ ካርቶን የሴት ክፍት ጫማ አንድ በአንድ ወጣ። የመጀመሪያውን ካርቶን እኔው ከፍቼ አየሁት። ቀይ ጫማ ነው፣ ተረከዙ ላይ ትንሽ አበባ አለው። እንደዚያ ያለ ቆንጆ ጫማ አይቼ አላውቅም።

ሐጂ ማመስገን የሚባል ነገር አያውቁም። ከሰዓት በኋላ ማንኪያዋን ከምስማሩ አውርደው ወደ ሱቁ ላኳት። ሻጮቹ ይፈልጓታል፣ አሉ። ምስማሯንም ነቀሏት። ለኔ ይበቃል።

ግን ጀርባዬ ሲዞር ምን እንደሚሉ ሰማሁ። ከሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ለባልንጀሮቻቸው፣ የኔ ኮንቴይነሮች እኮ ሁሉም ቋሚ አድራሻ አላቸው፣ ልጄ ነው የሰጣቸው፣ እያሉ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ከሌላ ተራ ዘጠኝ ሰዎች ጉርድ ፎቶ ይዘው ደረጃው ሥር ተሰለፉ። እነሱን ራሳቸው ሐጂ ያስረዷቸው ብዬ ወደ ላይ ሰደድኳቸው።

ዐረፋ እንዳለፈ ለረድፉ ሰዎች አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ አልኩ። ወረቀት መስጠት አልችልም፣ ቁጥር ግን እችላለሁ። ሰይፉ ጋ ሄጄ ታረቅን፤ እሱ ቁጥሮቹን በትልልቁ አትሞ በላስቲክ ለበጣቸው፣ እኔ በየበሩ ለጠፍኩ። ከሁለት ጀምሬ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያው ኮንቴይነር ባለቤት ለምን ሁለት ሆንኩ ብሎ ተቆጣ። አንድ ቁጥር የበሩ ነው፣ ሁሉም የሚገባና የሚወጣበት ስለሆነ ለማንም አይሰጥም፣ እኛ ጋ ሕጉ እንዲህ ነው አልኩት። ሕግ ሲባል ዝም አለ። አሁን ክር የሚፈልግ ሰው ዘጠኝ ቁጥር ሂድ ይባላል፤ እትዬ ከድጃ ናቸው። ኮፒ ሃያ ሁለት ቁጥር ነው። መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ ቢሸጥም ባይሸጥም የማትጠፋበት አንድ መንገድ አለ፣ እሱም የኔ ነው።

እትዬ ከድጃ የቁጥሩን መዝገብ ሲጽፉ በመጨረሻ የሠራውን ሰው ስምና አድራሻ እንጻፍ አሉና መታወቂያዬን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። የቤት ቁጥር በሚለው ፊት ለፊት፣ ቁጥር ላልወጣለት ቤት እንደሚጻፈው፣ «አዲስ» ይላል።

«ይሄ አዲስ የሚለው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«እኔ ሳልወለድ ጀምሮ።»

ወደ ኮንቴይነራቸው ገብተው በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው የሚያስደግፉበትን ድንጋይ ይዘው ወጡ። ጥቁር፣ ላዩ ለስልሶ የሚያበራ ድንጋይ ነው። መሬት ላይ አንጥፈው ሲሸጡ ቦታቸውን የያዘላቸው እሱ ነበር። ረድፉ መጨረሻ ላይ፣ ከቦዩ በላይ፣ አስቀመጡት። ሰይፉ በነጭ ቀለም ሠላሳ ሦስት ጻፈበት።

«ሐጂ አባረሩህም አላባረሩህም ያቺ ቦታ ያንተ ናት» አሉኝ። «የዕለት መጪ አይሻገራትም።»

እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ። ይህንንም ለመመካት ነው የምጽፈው።

መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑን ማየት ትቻለሁ፤ እሱ ቦታውን ያውቃል። በጓሮ በኩል ወጥቼ ድንጋዬን ነው የማየው። እስካሁን ያነሳት የለም።